«ባዶ ቦታ ሙላ»፦ መልሱን መርጠው ምክንያቱን መናገር ለሚያቅታቸው ተማሪዎች ምን ይደረግ?

የቅዳሜ አስጠኚ

ሰላም ለሁላችሁ። ሙያዬ የሂሳብ ሥራ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን በሰፈራችን ያሉ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሚማሩ ልጆችን እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። አብዛኞቹ ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጁ ስለሆኑ ጊዜያችንን የሚወስዱት ያለፉት ዓመታት የፈተና ወረቀቶች ናቸው፤ ከእነዚህም ውስጥ ባዶ ቦታ የሚያስሞሉት የሰዋስው ጥያቄዎችና የሁለት ሰዎችን ንግግር የሚያስጨርሱት ይበዛሉ። እንግሊዝኛውን በራሳችን ፊደል የምጽፈው ልጆቻቸውን የሚያግዙ ወላጆችም ውይይቱን እንዲከታተሉት በማሰብ ነው።

ችግሬ ልጆቹ መልስ ማጣታቸው አይደለም። ብዙ ጊዜ ትክክለኛውን ፊደል ያከብባሉ፤ «ለምን እሱን መረጥክ?» ስላቸው ግን በቃላቸው የያዙትን አቋራጭ ይነግሩኛል፦ «ዓመተ ምሕረት ካለ ሲንስ፣ የጊዜ ርዝመት ካለ ፎር ነው»። አቋራጩ እስከ አንድ ቦታ ድረስ ያስኬዳል። «ሂ ግራጁዌትድ ___ 2010» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ግን ዓመተ ምሕረቱን ብቻ አይተው ያለምንም ማመንታት ሲንስ ይላሉ፤ ግሱ አንድ ጊዜ ተፈጽሞ ያለቀ ድርጊት መሆኑን፣ ስለዚህም ኢን እንደሚያስፈልገው ልብ አይሉም። ምርጫዎቹን በእጄ ሸፍኜ ያንኑ ወረቀት ስሰጣቸው ደግሞ ጎበዞቹም ጭምር ይደናገራሉ።

እኔም ቋንቋውን ለምጄው እንጂ ሕጉን ተንትኜ ስለማላውቀው ማስረዳት የሚያቅተኝ ሦስት ቦታ አለ። የመጀመሪያው የባይ እና የአንቲል ልዩነት ነው፤ ሁለቱንም «እስከ» ብለን ስለምንተረጉማቸው ልጆቹ በግምት ይሞላሉ። ሁለተኛው በኢፍ የሚጀምረው ዓረፍተ ነገር ሲሆን የትኛው ግማሽ ላይ የትኛው ጊዜ እንደሚገባ ሰንጠረዡን ሸምድደውትም እንኳ ይምታታባቸዋል። ሦስተኛው የንግግር ጥያቄ ነው። «ውድ ዩ ማይንድ ኦፕኒንግ ዘ ዊንዶው?» ተብሎ ሲጠየቅ መስኮቱን ለመክፈት ፈቃደኛ የሆነው ሰው የሚሰጠው መልስ «ኖ፣ ኖት አት ኦል» ነው ስላቸው «እሺ ያለ ሰው እንዴት ኖ ይላል?» ብለው ይከራከሩኛል፤ እውነት ለመናገር ክርክራቸው ውኃ የሚያነሳ ይመስለኛል።

በዚያ ላይ አንድ የማከብራቸው መምህር እንግሊዝኛን በአማርኛ ማስረዳት ልጆቹን ያሰንፋቸዋል ብለውኛል። በዚህ ጉዳይ ልምድ ያላችሁ ብታግዙኝ ደስ ይለኛል።


መምህር ከደሴ

ሰላም ለእርስዎም ይሁን። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የማስተምር ስለሆንኩ የጠቀሷቸው ሦስቱም በየዓመቱ ያጋጥሙኛል። ከመጨረሻው ልጀምርና፣ አማርኛውን አይፍሩት። ልጁ ከለከሉትም ፈቀዱለትም ባዶ ቦታውን ሲያይ በልቡ ወደ አማርኛ መልሶ ያስበዋል፤ አማርኛው የት ድረስ እንደሚያደርሰውና የት ላይ እንደሚያሳስተው በግልጽ ካላሳዩት ስህተቱ በልቡ እንደተደበቀ ፈተና ይገባል። መምህሩ የሰጉት ሙሉውን ሰዓት በአማርኛ ማስተማርን ከሆነ ግን እስማማለሁ፤ ምክንያቱን በአማርኛ፣ ልምምዱን በእንግሊዝኛ ማድረግ ይሻላል።

ወደ ባይ እና አንቲል ስንመጣ፣ «እስከ ዓርብ እዚህ ነኝ» እንላለን፣ «ፎርሙን እስከ ዓርብ አስገባ»ም እንላለን፤ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሁኔታው ሳይቋረጥ እስከ ዓርብ ይዘልቃል፣ በሁለተኛው ግን ድርጊቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈጸም ሆኖ ዓርብ የመጨረሻው ቀን ነው። ለተማሪዎቼ የምሰጣቸው መፈተኛ ቀላል ነው። ዓረፍተ ነገሩን ወደ አማርኛ መልሱትና «እስከ» የምትለዋን አውጥታችሁ «ግፋ ቢል» የሚለውን አስገቡባት እላቸዋለሁ። «ፎርሙን ግፋ ቢል ዓርብ አስገባ» ትክክለኛ አማርኛ ስለሆነ እንግሊዝኛው ባይ ነው። «ግፋ ቢል ዓርብ እዚህ ነኝ» ግን ያሰበውን አይናገርም፤ በምትኩ «እስከ ዓርብ ሳላቋርጥ እዚህ እቆያለሁ» ማለት ስለሚቻል አንቲል ይገባል። ይህንን አንዴ ከያዙ «ዩ ማስት ሰብሚት ዘ ፎርም ___ ፍራይዴይ» የሚለው ላይ የሚሳሳት ልጅ እምብዛም አይገኝም።

አንድ ወጥመድ ግን አለ፤ እሱም አሉታ ሲገባበት ነው። «አይ ዊል ኖት ፊኒሽ ___ ፍራይዴይ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ሁለቱም ቃላት ይገባሉ፣ ትርጉማቸው ግን ይለያያል። አንቲል ካሉ የምጨርሰው ዓርብ ነው፣ ከዚያ በፊት አይጠበቅም ማለት ነው፤ ባይ ካሉ ደግሞ ዓርብ ሲደርስ ገና አልጨረስኩም ማለት ይሆናል። መጨረስ በራሱ የአንድ ጊዜ ድርጊት ቢሆንም አለመጨረስ የሚቀጥል ሁኔታ በመሆኑ አንቲልን ይቀበላል። የእኛ «እስከ ዓርብ አልጨርስም» ሁለቱንም ትርጉም አዝሎ ስለሚሄድ ልጁ መወሰን ያለበት ከዙሪያው ባሉት ዓረፍተ ነገሮች ነው፤ በዙሪያው ምንም ከሌለ ጥፋቱ የጥያቄው አውጪ እንጂ የልጁ አይደለም።

የኢፍን ጉዳይ በተመለከተ አማርኛችን ከሚገመተው በላይ ያግዛል። «ከመጣ እነግረዋለሁ»፣ «ቢመጣ እነግረው ነበር»፣ «መጥቶ ቢሆን ኖሮ እነግረው ነበር» የሚሉት ሦስቱ፣ በሰንጠረዡ ላይ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ተብለው ከተቀመጡት ጋር ጎን ለጎን ይሄዳሉ፦ «ኢፍ ሂ ካምስ፣ አይ ዊል ቴል ሂም»፣ «ኢፍ ሂ ኬም፣ አይ ውድ ቴል ሂም»፣ «ኢፍ ሂ ሃድ ካም፣ አይ ውድ ሃቭ ቶልድ ሂም»። ስህተቱ የሚፈጠረው በሁለት ምክንያት ነው። በመጀመሪያው ዓይነት ነገሩ ገና ወደፊት የሚሆን ስለሆነ ልጆቹ ከኢፍ ቀጥሎ ዊል ይጨምራሉ፤ «ከመጣ» በሚለው ቃላችን ውስጥም የወደፊት ጊዜ ምልክት እንደሌለ ቢያሳዩዋቸው ወዲያው ይገባቸዋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ደግሞ አማርኛው ሁለቱንም በ«ነበር» ስለሚዘጋቸው ልዩነታቸው ይጠፋባቸዋል። በዕለት ተዕለት ንግግራችን «ቢመጣ እነግረዋለሁ» ብለን እውን ሊሆን ለሚችል ነገር የምንጠቀምበት ጊዜም ስላለ «ቢ»ን ብቻ አይተው እንዲወስኑ አያድርጓቸው።

ስለዚህ እኔ ክፍል ውስጥ የማደርገው ባዶ ቦታ ያለበትን ግማሽ በወረቀት አስሸፍኜ ሌላውን ግማሽ ማስነበብ ነው። «ኢፍ አይ ___ ሂዝ ነምበር፣ አይ ውድ ኮል ሂም» የሚለውን እንውሰድ። ብዙዎቹ ነገሩ የአሁን ጉዳይ ስለሆነ «ኖው» የሚለውን ግስ ይመርጣሉ። ሁለተኛውን ግማሽ ብቻ ካነበቡ በኋላ ግን «ሰውየው እየደወለ ነው?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ፤ አይደለም። «ለምን?» ቁጥሩን ስለማያውቅ። «እንግዲያው ማወቁ እውነት ነው ወይስ ምኞት?» ምኞት ነው። እንግሊዝኛ ከእውነታው የራቀውን ነገር የሚያመለክተው ግሱን አንድ እርምጃ ወደ ኃላፊ ጊዜ በመግፋት ስለሆነ መልሱ «ኒው» ይሆናል፤ እዚህ ላይ ኃላፊው ጊዜ ትናንትን አያመለክትም፣ እውነት አለመሆኑን ነው የሚናገረው። ይህን ያልተረዳ ልጅ ሰንጠረዡን አሥር ጊዜ ቢሸመድደው «ኢፍ አይ ወር ዩ» የሚለውን ሲያይ ወር ከየት እንደመጣ ግራ ይገባዋል፤ የገባው ግን «እኔ አንተን ብሆን» ብሎ ያልፈዋል።

የንግግሩን ጥያቄ ቋንቋው ውስጥ እየኖሩ ለሚሰሙት ሰዎች ልተወው።


የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ

መምህር ቦታ ስለለቀቁልኝ አመሰግናለሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ብዙ የአገራችን ሰው ባለበት በሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን ቅዳሜና እሑድ በዕድሜ ገፋ ያሉ እናቶችን እንግሊዝኛ አግዛለሁ። እነሱ ፈተና የለባቸውም፤ ባዶ ቦታ የሚሞሉት ሐኪም ቤት፣ የልጅ ትምህርት ቤት ስብሰባና አውቶቡስ ውስጥ ነው። የእርስዎ ልጆች በወረቀት ላይ የሚሳሳቱበትና የእኔ እናቶች በአፍ የሚሳሳቱበት ቦታ ግን አንድ ዓይነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የመስኮቱ ጥያቄ የሚከብደው «ማይንድ»ን «ትችላለህ?» ወይም «ፈቃድህ ነው?» ብለን ስለምንተረጉመው ነው። «መስኮቱን ብትከፍት ቅር ይልሃል?» ብለው ይተርጉሙላቸው። «ቅር ይልሃል?» ተብሎ የተጠየቀ ጨዋ ሰው በአማርኛም ቢሆን «ኧረ አይለኝም» ነው የሚለው፤ እሺታው የሚገለጸው በአሉታ ነው። ልጆቹ ይህንን አንድ ጊዜ ከሰሙ ክርክሩ ያበቃል። በነገራችን ላይ እዚህ አገር ሰዎች ለዚሁ ጥያቄ «ሹር» ብለው ብድግ ሲሉ በየቀኑ እሰማለሁ፤ የሚከፍቱት መስኮት ግራ መጋባትን ያስቀራል። ወረቀት ላይ ግን መስኮቱ አይከፈትምና ልጆቹ «ኖ፣ ኖት አት ኦል» የሚለውን ይምረጡ።

ከዚህ የሚከፋው በአሉታ ለቀረበ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው፤ በእኔ ግምት ከሰዋስው ሕጎች ሁሉ ይልቅ ሰው ላይ ጉዳት ሊያደርስ የሚችለው ይህ ነው። አንዲት እናት ለደም ምርመራ ሳይበሉ መቅረብ ነበረባቸው እንበል። ነርሷ «ዩ ሃቭንት ኢትን ኤኒቲንግ ቱዴይ፣ ሃቭ ዩ?» ስትላቸው እናትየው በልባቸው «ዛሬ ምንም አልበሉም አይደል?» ብለው ይሰሙታል፤ ስላልበሉም «አዎ» ለማለት «የስ» ይላሉ። በአማርኛ «አዎ» የሚያረጋግጠው የጠያቂውን አባባል ስለሆነ መልሳቸው ትክክል ነው። በእንግሊዝኛ ግን የስ እና ኖ የሚከተሉት ድርጊቱን ራሱን እንጂ የጠያቂውን አባባል አይደለም፤ ስለዚህ ነርሷ በልተዋል ብላ ትረዳና ቀጠሮውን ወደ ሌላ ቀን ታዛውረዋለች። እኔ የማስለምዳቸው በአንድ ቃል ፈጽሞ እንዳይመልሱ ነው፦ ካልበሉ «ኖ፣ አይ ሃቭንት»፣ ከበሉ «የስ፣ አይ ሃቭ»። ከመጀመሪያው ቃል ቀጥሎ የሚመጣው አጭር ዓረፍተ ነገር ነገሩን ያስተካክለዋል። ለተማሪዎችዎም «የስ፣ ___» እና «ኖ፣ ___» የሚሉ ባዶ ቦታዎችን ማስሞላት ጠቃሚ ነው፤ «የስ፣ አይ ሃቭንት» የሚል እንግሊዝኛ እንደሌለ በዚያው ያዩታል።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው የእኛ «አይደል?» ነው። ለወንድም ለሴትም፣ ለትናንትም ለነገም ሳይለወጥ ስለሚያገለግል ልጆቹ በሁሉም ቦታ «ኢዝንት ኢት?» ይላሉ። እንግሊዝኛው ግን ከፊቱ ያለውን ረዳት ግስ እየተከተለ ይለዋወጣል፤ «ሺ ካን ስዊም፣ ካንት ሺ?»፣ «ዘይ ዲድንት ኮል፣ ዲድ ዘይ?» ይባላል። እዚህ ላይ ባዶ ቦታ ማስሞላት እውነትም ጥሩ ልምምድ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን አንብቦ ረዳት ግሱን ከማግኘት በቀር ሌላ አቋራጭ የለውምና።

ስለ ተለመዱ አነጋገሮች ከተነሣ፣ «ይቅርታ» የምትለውን ቃላችንን ለየብቻ ያስተምሩላቸው። ሰው ከማስቸገራችን በፊት፣ ለማለፍም ሆነ ለመጠየቅ፣ «ኤክስኪዩዝ ሚ» ነው፤ ካስቸገርን ወይም ከረገጥን በኋላ «ሶሪ» ነው፤ ሳንሰማ ቀርተን እንዲደገምልን ስንፈልግም እንደ ጥያቄ መጨረሻውን ከፍ አድርገን «ሶሪ?» እንላለን። ሐዘን ለደረሰበት ሰው «አይ አም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» ሲባል ደግሞ እናቶቼ «እኔ ምን አድርጌ ነው ይቅርታ የምጠይቀው?» ብለው ይገረማሉ። እኛ «ነፍስ ይማር»፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የምንልበት ቦታ መሆኑን ስነግራቸው ይቀበሉታል። «አይዞሽ»ን ግን እስካሁን በአንድ ቃል ልተካላቸው አልቻልኩም፤ ለወደቀ ልጅ «አር ዩ ኦልራይት?»፣ ፈተና ለሚገባ «ጉድ ላክ» እያልኩ በየሁኔታው እከፋፍለዋለሁ።


ያለፈው ዓመት ተፈታኝ

እኔ በቅርቡ ፈተናውን ያለፍኩ ተማሪ ስለሆንኩ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ያስቸግረኝ የነበረው «ቱ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የሚመጣው ግስ ነበር፤ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ___ ፍሮም ዩ» የሚለው ላይ «ሂር» ወይስ «ሂሪንግ» እንደሚባል ምክንያቱን የነገረኝ አልነበረም። በኋላ አስጠኚዬ ባዶ ቦታው ውስጥ ስም አስገብቼ እንድሞክር አሳየኝ። «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዘ ሆሊዴይ» ስለሚባል ቱ መስተዋድድ ነው፣ ስለዚህም ግሱ አይኤንጂ ይዞ «ሂሪንግ» ይሆናል። «አይ ዎንት ቱ ዘ ሆሊዴይ» ግን አይባልም፤ ስለዚህ ከ«ዎንት ቱ» በኋላ ግሱ እንዳለ ይቀመጣል። በዚሁ መፈተኛ «አይ አም ዩዝድ ቱ ዌኪንግ አፕ ኧርሊ» እና «አይ ዩዝድ ቱ ዌክ አፕ ኧርሊ» የሚሉትን ለየሁ፤ የመጀመሪያው በማለዳ መነሣት ለምጃለሁ ሲል፣ ሁለተኛው ድሮ በማለዳ እነሣ ነበር ይላል።


ጥያቄ አውጪው

እስካሁን የተጻፈው ልጆቹ እንዴት እንደሚሞሉ ነው፤ እኔ ደግሞ በሙያዬ ጥያቄ የማዘጋጅ ስለሆንኩ በባዶ ቦታው ላይ ላተኩር።

ከንባብ ውስጥ ቃላትን አውጥቶ ማስሞላት መልክ ይዞ የተጀመረው ለቋንቋ ተማሪ ታስቦ አልነበረም። ዊልሰን ቴይለር የተባለ አሜሪካዊ የጋዜጠኝነት ተመራማሪ በ1953 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዘዴውን ያስተዋወቀው አንድ ጽሑፍ ለአንባቢ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ለመለካት ነው፤ ከጽሑፉ ላይ፣ ለምሳሌ፣ እያንዳንዱን አምስተኛ ቃል እያወጡ አንባቢው ስንቱን መልሶ መተካት እንደቻለ ይቆጥሩ ነበር። የሚፈተነው ጽሑፉ እንጂ ሰውየው አልነበረም። ዘዴው ወደ ውጭ ቋንቋ ተማሪዎች የዞረው በኋላ ሲሆን፣ አሁን በምናየው ፈተና ላይ የሚወጣው ቃል በቁጥር ተራ ሳይሆን ሆን ተብሎ ይመረጣል። ይህንን ያነሣሁት ለምክንያት ነው፦ ባዶ ቦታ የሚሞላው ከዙሪያው በሚገኝ ማስረጃ ነው። ማስረጃው በቂ ካልሆነ ጥያቄው ሰዋስው አይፈትንም፣ የአውጪውን ልብ ማወቅን ነው የሚፈትነው። «ሂ ዎክድ ___ ዘ ስኩል» የሚለው ላይ ቱ፣ ኢንቱ፣ ፓስት፣ ፍሮም፣ አራውንድ ሁሉም ይገባሉ፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ በአጋዥ መጻሕፍት ላይ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልነግራችሁም።

ለጠያቂው የምመክረው በእጃቸው ምርጫዎቹን ሸፍነው ያደረጉትን ነገር ዋና ዘዴያቸው እንዲያደርጉት ነው። አራት ምርጫ ባለበት ጥያቄ ላይ ምንም የማያውቅ ልጅ በግምት ብቻ ከመቶ ሃያ አምስት ያህል ሊያገኝ ይችላል፤ የምርጫ ውጤትን ብቻ አይቶ ልጁ ገብቶታል ማለት የማይቻለው ለዚህ ነው። ቢ2 ፈርስት የተባለው የካምብሪጅ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ሁለቱንም ዓይነት ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል፤ በንባብና በቋንቋ አጠቃቀም ወረቀቱ የመጀመሪያው ክፍል ስምንት ባዶ ቦታዎችን ከነአራት አራት ምርጫቸው ሲያቀርብ፣ ሁለተኛው ክፍል ስምንት ባዶ ቦታዎችን ያለምንም ምርጫ ያቀርብና በእያንዳንዱ አንድ ቃል ብቻ እንዲገባ ይጠይቃል። ልጆቹ መጀመሪያ ያለምርጫ በእርሳስ ይሙሉ፣ ቀጥሎ ምርጫዎቹ ይገለጡላቸው፣ ከዚያ የጻፉት ከምርጫዎቹ ውስጥ ከሌለ ለምን እንደሌለ ይነጋገሩ። አንድ ሰዓት በዚህ መንገድ ስድስት ጥያቄ ቢሠራ በተለመደው መንገድ ከሚሠራ ሃምሳ ጥያቄ ይልቅ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ከመምህር ጋር የምለያየው በአንድ ነገር ነው። አማርኛውን መመለስ ለጊዜና ለሁኔታ ጥሩ ይሠራል፤ የትኛው ግስ ከየትኛው ስም ጋር እንደሚሄድ ግን አይነግረንም። እኛ የቤት ሥራም «እንሠራለን»፣ ስህተትም «እንሠራለን»፤ እንግሊዝኛው ለመጀመሪያው «ዱ»፣ ለሁለተኛው «ሜክ» ይላል። ለዚህ ምክንያት ፈልጎ ማስረዳት ጊዜ ማባከን ነው፤ «ሜክ ኤ ሚስቴክ»ን እንደ አንድ ቃል አድርጎ መያዝ ብቻ ነው መፍትሔው። መስተዋድዱም እንደዚያው ነው። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል በቢሮ ደብዳቤ ላይ ጭምር «ዲስከስ አባውት» እንጽፋለን፣ «ከእገሌ ጋር ተጋባች» ስለምንል «ማሪድ ዊዝ» እንላለን፣ «አስረዳኝ» አንድ ቃል ስለሆነ «ኤክስፕሌይን ሚ» ይወጣናል። ትክክለኛዎቹ ያለ አባውት «ዲስከስ ዘ ኢሹ»፣ ከዚያም «ማሪድ ቱ» እና «ኤክስፕሌይን ቱ ሚ» ናቸው። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ቃሉን ከነተከታዩ ይጻፉት፤ «ማሪድ = ያገባ» ብለው ከጻፉት ግማሹን ነው የጻፉት።


የቅዳሜ አስጠኚ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። «ግፋ ቢል»ንና «ቅር ይልሃል?»ን ወዲያው ልጠቀምባቸው ነው። በተነገረኝ መሠረት ምርጫ የሌለው አንድ አጭር አንቀጽ አዘጋጅቻለሁ፤ ለልጆቹ ከመስጠቴ በፊት ብታዩልኝ።

«ማይ ሲስተር ሃዝ ወርክድ ኢን ሀዋሳ ___ ፋይቭ ይርስ። ሺ ኢዝ ማሪድ ___ ኤ ነርስ። ሺ ዩዥዋሊ ካምስ ሆም ___ ክሪስማስ። ላስት ይር ሺ ኩድ ኖት ካም ___ ዘ ሮድ ዎዝ ክሎዝድ፣ ___ ሺ ኮልድ አስ ኤቭሪ ዴይ።»

ያሰብኳቸው መልሶች በቅደም ተከተል ፎር፣ ቱ፣ አት፣ ቢኮዝ እና ባት ናቸው።


መምህር ከደሴ

ጥያቄ አውጪው ስለ ሜክና ዱ ያሉትን ተቀብያለሁ፤ እኔም ለእነዚህ ምክንያት ፍለጋ አልገባም።

አንቀጹ ጥሩ ጅምር ነው። የመጀመሪያው ባዶ ቦታ ደህና ነው፤ ይሁንና ልጆችዎ የሚሳሳቱት ዓመተ ምሕረት ሲያዩ ስለሆነ ከእሱ በፊት «ሺ ሙቭድ ቱ ሀዋሳ ___ 2010» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢያስቀድሙ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ኢንን ከፎር ለይተው እንዲያዩ ያስገድዳቸዋል። ዓመተ ምሕረቱ ላይ አምስት ዓመት ቆጥሮ የሚከራከርዎት ልጅ እንዳይነሣ ብቻ ቁጥሮቹን ያስማሟቸው። ሁለተኛው ንጹሕ ነው፣ ከቱ ሌላ የሚገባበት የለም።

ሦስተኛው ግን ይፈርሳል። አት ያሉት ትክክል ነው፤ ፎር፣ ቢፎር፣ አፍተር፣ ኤቭሪ ቢባልም እንግሊዝኛው አይበላሽም፤ እኛም «ለገና ትመጣለች»፣ «ከገና በፊት ትመጣለች» እንላለንና ልጆቹ እነዚህን ሁሉ ይጽፉልዎታል። ፈልገው የነበረው የጊዜ መስተዋድድ ከሆነ «ማይ ብራዘር ዎዝ ቦርን ___ ክሪስማስ ዴይ» ብለው ይተኩት፤ ዴይ የሚለው ቃል ቀኑን ለይቶ ስለሚጠቅስና መወለድም በአንድ ቀን የሚፈጸም ስለሆነ ኦን ብቻ ይቀራል። አራተኛው ላይ ቢኮዝ ብቻ ሳይሆን ሲንስም አዝም ይገባሉ። ይህ ጉድለት አይደለም፤ የመልስ ወረቀትዎ ላይ ሦስቱንም አስቀድመው ይጻፏቸው እንጂ አንዱን ብቻ ይዘው አይረሙ። ሲንስ ምክንያትንም እንደሚያመለክት ለልጆቹ የሚነግሩበት አጋጣሚም ይሆንልዎታል።

አምስተኛው ላይ ባት፣ ሶ፣ አንድ ሁሉም ይሄዳሉ፤ መንገዱ ተዘግቶ በየቀኑ መደወሏ ተቃርኖም ውጤትም ሊሆን ይችላልና። ተቃርኖን ማስፈተን ከፈለጉ ባዶ ቦታውን ወደ መጀመሪያ ያምጡት፦ «___ ዘ ሮድ ዎዝ ክሎዝድ፣ ሺ አራይቭድ ኦን ታይም»። እዚህ ላይ አልዞ ወይም ዞ ይሞላሉ። ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ሁለት ባዶ ቦታ አድርገው ከነጠላ ሰረዙ ቀጥሎም ክፍት ቦታ ቢተዉላቸው ደግሞ አብዛኞቹ «አልዞ ... ባት» ብለው እንደሚጽፉ ያያሉ፤ እኛ «ምንም እንኳ መንገዱ ቢዘጋም፣ ግን በሰዓቱ ደረሰች» ብለን ማያያዣውን ስንደግም ቅር ስለማይለን ነው። እንግሊዝኛው አንዱን ብቻ ስለሚቀበል ሁለተኛው ቦታ ባዶ መቅረት አለበት፤ ቃል በማያስፈልግበት ቦታ «ምንም አይገባም» ብለው ሰረዝ እንዲያደርጉ ብቻ አስቀድመው ይንገሯቸው።